ኮምፓውንድ ተርቦ በናፍጣ ሞተር ላይ፦ ሁለቱ እንዴት ነው የሚሠሩት? አዲስ አበባ ከፍታ ላይስ?

ኤንፒአር_ጎጃም_በረንዳ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው አይሱዙ ኤንፒአር ነው፤ ሞተሩ 4ኤችኬ1፣ 5.2 ሊትር፣ ኮመን ሬይል፣ አንድ ተርቦ። ሙሉ ጭነት ላይ ጌጁ 1.2 ባር ያሳያል። ሶማሌ ተራ ከትልቅ መኪና የወረደ ተርቦ አለ። ያለውን ሳላወልቅ ትልቁን ጨምሬ ኮምፓውንድ (ሁለት ተርቦ ተከታትለው የሚሠሩበት) ማድረግ ይቻላል ወይ? ያልገባኝ ነገር፦ አየሩ መጀመሪያ የትኛው ውስጥ ነው የሚገባው? ጭሱስ? ትልቁ 1 ባር፣ ትንሹ 1.2 ባር ቢሰጡ ጌጁ 2.2 ነው የሚለው? «ሁለት ተርቦ ሞተሩን ያፍነዋል» የሚሉም አሉ።

መለኪያ

አየርና ጭስ ቅደም ተከተላቸው ተቃራኒ ነው። አየሩ ከፊልትሮ ወጥቶ መጀመሪያ ትልቁ ኮምፕሬሰር ውስጥ ይገባል። እዚያ ተጨምቆ ወደ ትንሹ ያልፋል፤ ትንሹ የተጨመቀውን እንደገና ይጨምቀዋል። ከዚያ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ)፣ ከዚያ ሞተር። ጭሱ ግን ከማኒፎልድ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የትንሹን ተርባይን ነው፤ የቀረው ጉልበት ትልቁን አዙሮ ወደ ማርሚታ ይሄዳል። ትንሹ ባለከፍተኛ ግፊት፣ ትልቁ ባለዝቅተኛ ግፊት የሚባሉት ለዚህ ነው።

ጌጁ ላይ ያለውን አትደምር፣ አባዛ። የሚባዛው ግን ሬሾው ነው፦ ከኮምፕሬሰሩ የወጣው ግፊት ለገባበት ግፊት ሲካፈል፣ ሁለቱም ከዜሮ ተነስተው ተለክተው። ጌጅ የሚያሳየው ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። መሀል አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የከባቢ አየር ግፊት 0.77 ባር አካባቢ እንጂ 1 ባር አይደለም።

ባንተ ቁጥሮች እናስላው። ትልቁ 1 ባር ሰጠ ማለት ከዜሮ ሲለካ 1.77 ነው፤ ሬሾው 1.77 ሲካፈል ለ0.77፣ ማለትም 2.3። ትንሹ ብቻውን 1.2 ሲሰጥ ከዜሮ 1.97 ነው፤ ሬሾው 2.56። ሁለቱም ይህን ሬሾ ይዘው ከዘለቁ 0.77 ሲባዛ በ2.3 ሲባዛ በ2.56፣ 4.53 ባር ይወጣል። ጌጁ 2.2 ሳይሆን 3.76 ይላል። ይህን የሚችል ቴስታታና ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስና ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) መኪናህ ላይ የለም።

ስለዚህ ሁለቱንም በሙሉ አቅማቸው አታሠራቸውም። የኮምፓውንድ ዋናው ጥቅም እያንዳንዱ በትንሽ ሬሾ፣ ድካም በሌለበት ቦታ እየሠራ ብዜቱ ትልቅ መሆኑ ነው። ዒላማህ ጌጅ ላይ 1.8 ባር ቢሆን ከዜሮ 2.57 ነው፤ ጠቅላላ ሬሾው 3.34። እኩል ሲካፈሉት ለእያንዳንዱ 1.83 ይደርሰዋል። በመካከላቸው ባለው ቱቦ ላይ ጌጅ ብትሰካ 0.64 ባር ማሳየት አለበት።

ቪ8_ልደታ

መለኪያ ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁለት ተርቦ ያለው ሁሉ ኮምፓውንድ አይደለም። ላንድክሩዘር 200 ላይ ያለው የናፍጣ ቪ8 ሁለት ተርቦ አለው፤ ግን እያንዳንዱ የሚነዳው በራሱ በኩል ባሉት 4 ሲሊንደሮች ጭስ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። እዚያ የአየሩ መጠን ይደመራል፣ ግፊቱ አይባዛም። የሱን ቱቦ አይቶ «እንደ ቪ8 ግጠምልኝ» ብሎ ብረት ቤት የሚሄድ አለና ነው የምለው።

ከፋብሪካ ኮምፓውንድ ሆነው የሚወጡ ብዙ ናቸው። ካተርፒላር ሲ15 አሰርት፣ ከ2008 እስከ 2010 የተመረተው የፎርድ 6.4 ፓወር ስትሮክ፣ ከትንንሾቹ ደግሞ የ2004ቱ ቢኤምደብሊው 535ዲ፣ አማሮክ 2.0 ባይ ቲዲአይ፣ ፎርድ ሬንጀር 2.0 ባይ ተርቦ። የትንንሾቹ ልዩነት በጭሱም በአየሩም በኩል ማለፊያ ቫልቭ ያላቸው መሆኑ ነው። ዝቅተኛ ዙር ላይ ትንሹ ዋናውን ይሠራል፣ መሀል ላይ ሁለቱም ተከታትለው፣ ከፍተኛ ዙር ላይ ትንሹ ታልፎ ትልቁ ብቻውን። አማሮክ ወይም ሬንጀር ጉልበት አጥቶ ፒ0299 የሚል ኮድ ካወጣ ተርቦ ከመቀየርህ በፊት እነዚያን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሱትን ቀጫጭን የቫኪዩም ጎማዎችና አክቹዌተሮች ፈትሽ። የተሰነጠቀ የ4 ሚሊ ጎማ ደህናውን ተርቦ ያስወረደበት ጋራዥ ሞልቷል።

ኤንፒአር_ጎጃም_በረንዳ

አመሰግናለሁ፣ ማባዛቱ ገብቶኛል። ግን 1.8 ባር ብቻ ከሆነ አንድ የተሻለ ተርቦ አይበቃም?

ቀዝቃዛ_አየር

ባሕር ጠረፍ ላይ ብትሆን አዎ። 1.8 ባር እዚያ 2.8 ሬሾ ነው፣ ማንኛውም ደህና ተርቦ ይሰጥሃል። እዚህ ግን 3.34 ነው፤ ፊልትሮው አቧራ ጠጥቶ መምጠጫው ላይ 0.04 ባር ቢያጎድል 3.5 ይሆናል። አንድ ኮምፕሬሰር እዚያ ሲደርስ የማፑ (አቅሙን የሚያሳየው ግራፍ) ጫፍ ላይ ነው፦ ዙሩ ከልክ ያልፋል፣ አየሩን ከመጭመቅ ይልቅ ያሞቀዋል። ከፍታ ላይ ተርቦ የሚሰበረው በአብዛኛው በዚህ ነው። ዌስትጌቱ (ትርፍ ጭስ ተርባይኑን አልፎ እንዲሄድ የሚከፈተው ቫልቭ) የሚያውቀው ጌጅ ግፊትን ብቻ ስለሆነ ያንኑ 1.5 ባር ለማምጣት ጅቡቲ ላይ 2.5 ሬሾ የሠራውን ተርቦ እዚህ 2.95 ያሠራዋል፤ ጣርማበር ላይ ደግሞ ከ3.1 በላይ።

ሙቀቱን በቁጥር ልስጣችሁ፣ ብዙ ሰው በዚህ ስለሚሳሳት። አየሩ 22 ዲግሪ ገብቶ፣ ጠቅላላ ሬሾው 4 ይሁን። በአንድ ተርቦ፣ ማፑ ጫፍ ላይ ብቃቱ ወደ 60 እና 65 በመቶ ወርዶ፣ የሚወጣው አየር ከ240 እስከ 260 ዲግሪ ነው። በሁለት ተርቦ፣ እያንዳንዱ ሬሾ 2 ላይ በ70 እና 72 በመቶ ሲሠራ፣ ከትልቁ 112 ዲግሪ፣ ከትንሹ 230 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። አያችሁ፣ ልዩነቱ ሰው እንደሚያወራው ሰማይና ምድር አይደለም። ሰማይና ምድር የሚያደርገው በሁለቱ መካከል ሁለተኛ ኢንተርኩለር ሲገባ ነው፦ ትንሹ ውስጥ የሚገባውን አየር ወደ 60 ዲግሪ ብታወርደው የሚወጣው 165 አካባቢ ነው። ከዋናው ኢንተርኩለር በፊት 65 ዲግሪ ተረፈ ማለት ነው። ስለዚህ የመካከሉን ኢንተርኩለር አትለፉት።

መለኪያ

በሂሳቡ እስማማለሁ፣ በመደምደሚያው አልስማማም። ኤንፒአር ካቢን ሥር ለመካከለኛ ኢንተርኩለር ቦታ የለም፤ በውሃ የሚቀዘቅዘውን ካላስገባህ በቀር። እሱ ደግሞ የራሱ ራዲያተር፣ የራሱ ፓምፕ፣ አራት ተጨማሪ መጋጠሚያ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ አየር የሚያፈስበት ቦታ ነው። ጠቅላላው ሬሾ ከ3.5 በታች ከሆነ ያንን ገንዘብ ዋናው ኢንተርኩለር ላይ አውጣው፦ የፕላስቲክ ጫፍ ያለውን ትተህ ጫፉም አሉሚኒየም የሆነውን ግዛ። የፕላስቲኩ ጫፍ ከ200 ዲግሪ በላይ አየርና 1.8 ባር ሲደርሰው ከክፈፉ ይላቀቃል።

ስለ መጠን ደግሞ፣ «ከትልቅ መኪና የወረደ» በቂ መረጃ አይደለም። ሞተርህ በ2,600 ዙር በደቂቃ 6,750 ሊትር አየር ይምጋል፤ አሞላሉ 90 በመቶ ቢሆን 6,075። ማኒፎልድ ውስጥ 2.57 ባርና 55 ዲግሪ ከሆነ አንድ ሜትር ኩብ አየር 2.73 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ በደቂቃ 16.5 ኪሎ ገደማ አየር። ይህ ግን ማፕ ላይ የምትፈልገው ቁጥር አይደለም። ማፑ የተሠራው ለ1 ባር መግቢያ ነውና ትልቁ 0.77 ባር ላይ ስለሚምግ 16.5 ለ0.77 ተካፍሎ 21.4 ኪሎ በደቂቃ ላይ ነው የምታየው። ትንሹ ግን 1.41 ባር የሆነ፣ 100 ዲግሪ ገደማ የሞቀ አየር ነው የሚደርሰው፤ ሲስተካከል 13.1 ኪሎ ብቻ። አየሩ ቀድሞ ስለታመቀ ትንሹ ኮምፕሬሰር ያንኑ ክብደት በትንሽ አፍ ያሳልፈዋል። ያለህን የፋብሪካ ተርቦ በትንሹ ቦታ ማስቀረት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ትልቁን ስትመርጥ ሬሾ 1.83 እና 21.4 ኪሎ የሚገናኙበት ነጥብ ማፑ መሀል ላይ ይውደቅ። ከ10 ሊትር በላይ ከሆነ ሞተር የወረደ ተርቦ ከወሰድክ ነጥቡ ወደ ግራ፣ ወደ ሰርጅ መስመሩ (አየሩ ወደ ኋላ መመለስ የሚጀምርበት) ይጠጋል፤ ጭሱም ተርባይኑን ስለማይሞላው ትልቁ ዝም ብሎ የአየሩ መተላለፊያ ላይ የቆመ ብረት ይሆናል።

ጋሽ_ቶርኖ

ልጆች፣ ሂሳቡ ይቆየንና ስለ ብረቱ ልበል። ሲሰበር የማየው ሂሳብ ሳይሆን ቱቦ ነው።

ከትንሹ ተርባይን ወደ ትልቁ የሚሄደው የጭስ ቱቦ 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው እስቴንለስ ቢሆን፣ 600 ዲግሪ ሲጨምር 4 ሚሊ ገደማ ይረዝማል። በሁለቱም ጫፍ ጥብቅ አድርገህ ከበየድከው ያ 4 ሚሊ የሚሄድበት ስለሌለ ማኒፎልዱን ይሰነጥቃል ወይም የተርቦውን እግር ቡሎን ይበጥሳል። መሀሉ ላይ ቤሎ (እንደ አኮርዲዮን የሚሳብ ቱቦ) ይግባበት፣ ውስጡ ለስላሳ እጅጌ ያለው። መጋጠሚያው ቪ-ባንድ ይሁን። ትልቁን ተርቦ የሚሸከመው መደገፊያ ከሞተሩ ብሎክ ይነሳ እንጂ ከሻሲ አይነሳ፤ ሞተሩ በማረፊያ ጎማው ላይ ሲወዛወዝ ሻሲው አይከተለውም።

የዘይት መመለሻውን ነገር ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም። ከተርቦ የሚወጣ ዘይት አረፋ ነው፣ በክብደቱ ብቻ ነው የሚወርደው። ውስጡ ከ16 እስከ 19 ሚሊ የሆነ ቱቦ፣ ያለ ሸለቆ፣ ቀጥ ብሎ ወደታች፣ ኮፓ (የሞተሩ ዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ከዘይቱ ደረጃ በላይ ይግባ። ትልቁን ተርቦ ዝቅ አድርገው ሻሲ አጠገብ የሚያስቀምጡ አሉ፤ መመለሻው ከኮፓው ጋር እኩል ይሆንና ዘይቱ ተመልሶ በሲሉ ይወጣል። ሰዉ ከዚያ «ተርቦው ዘይት ይበላል» ይላል። ተርቦው ምን አደረገ?

በአየሩ በኩል፣ ከትልቁ ወደ ትንሹ የሚሄደው ጎማ ድሮ የመምጠጫ ጎማ ነበር፤ አሁን ግፊት ያለበት ነው። የመምጠጫውን ስስ ጎማ እዚያው አታስቀሩት፣ ይፈነዳል። ባለ 4 ወይም ባለ 5 ድርብ ሲልከን ጎማ ይሁን። የቱቦው ጫፍ ጠርዝ ይውጣለት፤ ተራ ፋሸታ ሳይሆን በቡሎን የሚጠብቀው ይታሰርበት። ከትንሹ የሚወጣው 200 ዲግሪ ስለሚያልፍ እዚያ የብረት ቱቦ አድርጉና መጋጠሚያው ላይ ብቻ አጭር ሙቀት የሚችል ጎማ አስገቡ። ተራ ሲልከን 180 ዲግሪ አካባቢ ላይ መድከም ይጀምራል።

ኤንፒአር_ጎጃም_በረንዳ

ጋሽ ቶርኖ እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ዌስትጌቱን የት ላድርግ? ሶማሌ ተራ ተርቦ ስገዛስ ምን ልይ?

ጋሽ_ቶርኖ

የግዢውን እኔ ልመልስልህ፣ ዌስትጌቱን ለመለኪያ ተውኩለት። ካሊፐርና የሰዓት መለኪያ (ዳያል ጌጅ) ይዘህ ሂድ። ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው፤ ከ0.1 ሚሊ በላይ ከሄደ ተወው፣ የግፊት ብረቱ አልቋል። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ዘይት ስለሌለው ነው፣ አትደንግጥ፤ ጥርሱ ግን ቤቱን መንካት የለበትም። የኮምፕሬሰሩን ጥርስ ጫፍ በጥፍርህ ዳብስ፣ አሸዋ የበላው ሸካራ ነው። የተርባይኑ ጥርስ ጫፍ ከጎደለ አንድ ብረት በልቷል ማለት ነው፣ ሚዛኑ ጠፍቷል። ቤቱ ላይ የተጻፈውን የኤአር ቁጥር (የቤቱን ስፋት የሚያሳየውን) ጻፈው፣ የጥርሱን የመግቢያና የመውጫ ስፋት ለካ፤ ስያሜውን አትመን፣ ታጥቦና ሌላ ሳህን ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። ክንፎቹ በኤሌክትሪክ አክቹዌተር የሚንቀሳቀሱትን ተርባይን ደግሞ «ርካሽ ነው» ብለህ አትውሰድ፣ የሚያዘው ኮምፒውተር የለህም።

መለኪያ

ዌስትጌት። ያለ እሱ «ያፍነዋል» የሚሉት ሰዎች ልክ ይሆናሉ። ትንሹ ተርባይን የተሠራው ለትንሽ ጭስ ነው፤ ትልቁ አየር ሲጨምር ጭሱም ይጨምራል፣ ትንሹ ጋ ይታነቃል። ስለዚህ ከማኒፎልዱ ተነስቶ ትንሹን ተርባይን የሚያልፍ መንገድ ይኑር። መውጫው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ትልቁ ተርባይን መግቢያ ነው፤ ወደ ውጭ ካወጣኸው ትልቁን የሚያዞር ጉልበት ጣልክ። የፋብሪካው ተርቦ ውስጥ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ለዚህ አትበቃም። የውጭ ዌስትጌት አስገባ፤ በኔ አስተያየት 45 ሚሊ፤ ከ38 ሚሊው 40 በመቶ ይሰፋል፣ ዋጋቸው ግን ብዙ አይራራቅም።

የአክቹዌተሩ ጎማ የት እንደሚታሰር ነው ብዙ ሰው የሚሳተው። ስፕሪንጉ 0.7 ባር ሆኖ ጎማው ከትንሹ ኮምፕሬሰር መውጫ ከታሰረ ትልቁ ብቻውን 0.7 ሲሰጥ ዌስትጌቱ ይከፈትና ትንሹ ሥራ ይፈታል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ስፕሪንጉን ለጠቅላላው ዒላማ፣ ለ1.8፣ መምረጥ። ሁለተኛውና የምመርጠው፦ የታችኛውን ቀዳዳ ከትንሹ መውጫ፣ የላይኛውን ከመካከለኛው ቱቦ ማሰር። ያኔ ዌስትጌቱ የሚያየው ልዩነቱን፣ ማለትም የትንሹን ድርሻ ብቻ ነው፤ 1.8 ሲቀነስ 0.64፣ 1.2 ባር ስፕሪንግ። በዚህኛው መንገድ ጠቅላላውን የሚገድብ ስለሌለ ትልቁ የራሱ ዌስትጌት ሊኖረው ግድ ነው።

ጌጅ ሦስት ያስፈልግሃል፦ መካከለኛው ቱቦ ላይ፣ ማኒፎልዱ ላይ፣ እና ከትንሹ ተርባይን በፊት ያለው የጭስ ግፊት። ለጭሱ አንድ ሜትር ያህል የብረት ቱቦ ጠምዝዘህ አስገባ፣ ካልቀዘቀዘ ጌጁን ይበላዋል። የጭስ ሙቀት መለኪያም ከትንሹ ተርባይን በፊት ይሁን፤ አሉሚኒየም ፒስተን ባለው ሞተር 700 ዲግሪ ላይ ከቆየ እግርህን አንሳ።

አነባበቡ እንዲህ ነው። የጭስ ግፊት ከቡስት (ማኒፎልዱ ላይ ካለው የአየር ግፊት) ጋር እኩል ወይም እስከ 1.3 እጥፍ ከሆነ ጥሩ ነው። 1.5 እያለፈ ከሄደ ትንሹ ታንቋል፤ ዌስትጌቱ አልተከፈተም ወይም ጠቧል። ጠቅላላው 1.8 ሆኖ መካከለኛው 0.3 ብቻ ከሆነ ትንሹ ብቻውን ነው የሚለፋው፤ የትልቁ ተርባይን ቤት ሰፍቷል ወይም በሁለቱ መካከል ጭስ ይወጣል። መካከለኛው 0.9 ካለፈና ጠቅላላው ካልጨመረ ደግሞ የትንሹ ዌስትጌት ቶሎ ይከፈታል።

ቪ8_ልደታ

የአየር ማፍሰሻ ፍተሻ አትርሱ። የትልቁን መምጠጫ አፍ በቡሎን በሚጠብቅ ክዳን ዝጋ፣ በሬጉሌተር 1 ባር አስገባና ሳሙና ቀባ። ክዳኑ ፊት ለፊት አትቁም፣ ሲፈናጠር ቀልድ አያውቅም። መጀመሪያ ስታስነሳ ደግሞ ሁለቱም ተርቦ ውስጥ ዘይት አፍስስ፣ ከዚያ ነዳጁን ቆርጠህ የዘይት ግፊት እስኪመጣ ሞተሩን በሞተሪኖ ብቻ አዙር።

ፖምፓ_ተክለሃይማኖት

ሁላችሁም ስለ አየር ስታወሩ ስለ ናፍጣ አንድም ሰው አላነሳም። 4ኤችኬ1 ኮመን ሬይል ነው። ነዳጁን የሚወስነው ኮምፒውተሩ ነው። አየር ስለጨመርክለት ናፍጣ አይጨምርልህም፤ ጭሱ ይጠራል፣ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ጉልበቱ ግን ያው ነው። ይባስ ብሎ ማኒፎልዱ ላይ ያለው የግፊት ሴንሰር ከለመደው በላይ ሲያይ ፒ0234 የሚል የስህተት ኮድ አውጥቶ ነዳጅ ይቆርጣል። ሴንሰሩን በሬዚስተር የሚያታልሉ አሉ፤ እሱ ኮምፒውተሩን ማሳወር ነው። ፕሮግራሙ በትክክል ካልተሠራ የቀረው ሁሉ ጌጥ ነው።

ናፍጣውም ከተጨመረ ቀጣዩ ጥያቄ ሲሊንደሩ ነው። 17 ለ 1 አካባቢ የሚጨምቅ ሞተር የገባለትን ግፊት ገና ሳይቀጣጠል ወደ 45 እጥፍ ያደርሰዋል። አሁን ባለህ 1.2 ባር 89 ባር ገደማ ነው። በ1.8 ባር 116። መጀመሪያ ባልካቸው ቁጥሮች በሚመጣው በ3.76 ባር 204፣ ናፍጣው ሳይነድ! የቴስታታ ቡሎኖቹ፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው ለዚያ አልተሠሩም። የኤንፒአሩ ችግር ዳገት ላይ ማቃሰት ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ፊልትሮ፣ የኢንተርኩለር ፍሳሽ፣ የኖዝል መመለሻ መጠን፣ የዌስትጌቱ ስፕሪንግ ይታዩ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ በቸርችል ጎዳና ጭነው ሲወጡ ከ1.2 በታች የሚያሳይ ጌጅ ብዙ ጊዜ ችግሩ ጎማ ወይም ፋሸታ ነው።

ኤንፒአር_ጎጃም_በረንዳ

ገባኝ፣ መጀመሪያ ፍሳሹን አስፈትሻለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ መኪናው ወደ አዋሽና ጅቡቲ መስመር ይሠራል። እዚህ 1.8 ላይ ያስተካከልኩት ዌስትጌት ታች ሲወርድ ያው ይቆያል?

መለኪያ

ጌጁ ላይ አዎ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ግን አይደለም። ስፕሪንጉ የሚለካው ከከባቢ አየር በላይ ያለውን ነው። ጅቡቲ ላይ 1.8 ማለት ከዜሮ 2.8 ነው፤ ሬሾው ከ3.34 ወደ 2.8 ይወርዳል፣ ተርቦዎቹ እፎይ ይላሉ። የሲሊንደሩ ግፊት ግን ከ116 ወደ 126 ባር ይወጣል። አደጋው ከፍታ ቦታ ተርቦው ላይ ነው፣ ታች ደግሞ ጓርኒሲዮኑ ላይ። ስለዚህ ስፕሪንጉን ለጅቡቲ ምረጠው፦ ጠቅላላ 1.5 ባር በቂ ነው፤ እዚህ ከ1.5 በላይ ከፈለግክ በካቢን ውስጥ በእጅ የሚስተካከል የቡስት መቆጣጠሪያ ጨምርና አዳማን ስታልፍ መልሰህ ዝጋው። አየሩ ታች 40 ዲግሪ ስለሚሆን የጭስ ሙቀቱን እዚያ ደጋግመህ እይ፤ ኢንተርኩለሩ ፊት ላይ የተለጠፈውን አቧራና ነፍሳትም ከመመለስህ በፊት በአየር አስነፋው።